ጠላት የማይታይበት ጦርነት

ዘመን የማይሽራቸው የጦርነት ፊልሞች በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። በመጀመሪያው ወገን ያሉት ተመልካቹ ከማን ጎን እንደሚቆም ገና ከጅምሩ የሚነግሩት ናቸው። ወራሪው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ የአገሩ ሰው ይቋቋመዋል፤ ጀግናው ድል ያደርጋል ወይም በክብር ይሰዋል፤ ፍትሕ በየትኛው ወገን እንዳለች ግን አያጠራጥርም። በሁለተኛው ወገን ያሉት በቁጥር ጥቂት ናቸው። በእነዚህም ውስጥ ተኩሱ፣ ጭሱና ሬሳው አለ፤ ጠላት የተባለው ግን ተፈልጎ የሚገኘው ወታደሩን ከሚያዝዘው ሰው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እኛ ሙስሊሞች የመጀመሪያውን ዓይነት ፊልም አብዝተን እንወዳለን፤ የአባቶቻችንን ተጋድሎ እናይበታለንና። ከቀይ ባሕር ባሻገር ዛሬ የሚነደው ትልቁ ጦርነት ግን የሁለተኛው ዓይነት ነው። በአንደኛው መነጽር ሁለተኛውን ስለምንመለከት ፍርዳችን ይዛባል፤ የፍርዳችን መዛባት ደግሞ ለጦረኞቹ ጉልበት ይሆናቸዋል።

ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞች መካከል በአካባቢያችን ከፍ ያለ ስፍራ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1981 ለዕይታ የበቃው «የበረሃው አንበሳ» ነው። ያዘጋጀው በሶሪያ ሐለብ ተወልዶ በአሜሪካ የሲኒማ ሙያን የተማረው ሙስጠፋ አል አቃድ ሲሆን፣ ቀደም ሲል የእስልምናን አነሣሥ የሚተርከውን «አር ሪሳላ» የተሰኘ ፊልም ለዓለም ያቀረበ ሰው ነው። የሊቢያውን የቁርኣን መምህርና የጦር መሪ ዑመር አል ሙኽታርን አንቶኒ ኩዊን፣ የፋሽስቱን ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒን ደግሞ ኦሊቨር ሪድ ሆነው ተጫውተዋል። ግራዚያኒን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያሻም። የምሥራቅ ሊቢያን ሕዝብ ከነከብቱ ነድተው በሽቦ በታጠሩ ሰፈሮች ካጎሩት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸውንም ሽማግሌ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 በሱሉቅ በሕዝብ ፊት ለስቅላት ካበቁት የጦር አዛዦች ዋነኛው እርሱ ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላም አዲስ አበባ ላይ በእርሱ አገዛዝ የየካቲት 12 እልቂት ወረደ። ስለዚህ ሊቢያዊውና ኢትዮጵያዊው ፊልሙን ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢመለከቱ የሚያዝኑት አንድ ሐዘን ነው።

በዚያ ፊልም ውስጥ ከጥይቱ ጩኸት ይልቅ በልብ የሚቀር አንድ ትዕይንት አለ። ከውጊያ በኋላ አንድ ወጣት የጣሊያን መኮንን በሙጃሂዶቹ እጅ ይወድቃል። ተዋጊዎቹ ሊገድሉት ይሻሉ፤ ጣሊያኖች የእነርሱን ምርኮኞች ይገድላሉና ብድር መመለስ ተገቢ መስሎ ይታያቸዋል። ዑመር አል ሙኽታር ግን ይከለክላሉ፤ ባንዲራውን አስይዘው በሰላም ወደ ወገኖቹ ይሸኙታል። ሽማግሌው በዚያች ቅጽበት የሠሩት ሥራ ከሸሪዓ የመነጨ እንጂ የፊልም ጸሐፊ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር አስ ሲዲቅ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ለሚዘምተው ጦር ሴትን፣ ሕፃንንና አዛውንትን እንዳይገድል፣ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ በየገዳማቸው ለአምልኮ የተለዩትን እንዳይነካ ማዘዛቸው በታሪክ መጻሕፍት የታወቀ ነው። የአንበሳው አንበሳነትም ከጠመንጃው ይልቅ በዚህ ገደብ ላይ የቆመ ነበር።

ይሁን እንጂ የጀግና ምስል አንድ ድክመት አለው፤ ማንም ሊለብሰው ይችላል። ለፊልሙ ሥራ ገንዘቡን ያወጣው የሙዓመር ጋዳፊ መንግሥት ነበር። ጋዳፊ በ2009 ሮምን ሲጎበኙ ዑመር አል ሙኽታር በሰንሰለት ታስረው የተነሡትን ፎቶግራፍ በወታደራዊ ልብሳቸው ደረት ላይ ለጥፈው ከአውሮፕላን ወረዱ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ2011 በጋዳፊ ላይ የተነሡት ሊቢያውያን የእኚያኑ ሽማግሌ ምስል ከፍ አድርገው በቤንጋዚ ጎዳናዎች ተሰለፉ። ጋዳፊ ከወደቁ በኋላም አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ፣ ከኤፕሪል 2019 እስከ ጁን 2020 በትሪፖሊ ዙሪያ የዑመር አል ሙኽታር የልጅ ልጆች እርስ በርስ ተታኮሱ። ሽማግሌውን የሚያከብር ሁሉ ገደባቸውን አልወረሰም።

የፊልሙ አዘጋጅ ፍጻሜም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው። አል አቃድ በኖቬምበር 2005 ዐማን ከተማ ውስጥ በሆቴሎች ላይ በተፈጸመው የአጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት ከሴት ልጁ ጋር ሕይወቱን አጣ። እስልምናን ለምዕራቡ ዓለም በሲኒማ ለማስተዋወቅ ዕድሜውን የሰጠ ሰው፣ በእስልምና ስም እንዋጋለን በሚሉ ሰዎች ፈንጂ ተገደለ። በ«የበረሃው አንበሳ» የሣለው ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ነበር፤ የገደለው ግን ከዚያ አልመጣም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከአልጄሪያ እናንሣ። ጣሊያናዊው ጂሎ ፖንቴኮርቮ ያዘጋጀው «የአልጀርስ ጦርነት» በ1966 የቬኒስን ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። የካስባ ጠባብ መንገዶች፣ የፈረንሳይ ፓራሹተኞች፣ በምርመራ ክፍል የሚሰቃዩ እስረኞች እንደ ዜና ቀረጻ ሆነው ይታያሉ። ከነጻነት ታጋዮቹ መሪዎች አንዱ የነበሩት ያሲፍ ሰዓዲ ራሳቸው በፊልሙ ውስጥ ተጫውተዋል። ፊልሙ የሚያበቃው የአልጄሪያ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ነጻነቱ እንደማይቀር ባረጋገጠበት ሰዓት ነው፤ ተመልካቹም ደስ ብሎት ይነሣል።

ታሪክ ግን ፊልሙ ባበቃበት አላበቃም። አገሪቱ በጁላይ 1962 ነጻ በወጣች በሳምንታት ውስጥ የትግሉ መሪዎች ለሥልጣን ተሻሙ፤ በድንበር ላይ የነበረው ሠራዊትና በአገር ውስጥ የተዋጉት ጓዶቹ ደም ተቃቡ። ሕዝቡም ሰባት ዓመት ጦርነት ይበቃናል እያለ በመካከላቸው ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጁን 1965፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሁዋሪ ቡመዲየን ፕሬዚዳንት አሕመድ ቢን ቤላን ከሥልጣን አወረዱ። በዚያ ሌሊት ታንኮች ወደ አልጀርስ ጎዳናዎች ሲገቡ ብዙ የከተማዋ ሰዎች ለፊልሙ ቀረጻ የመጡ እንደ መሰላቸው ይተረካል። ሰው ዓይኑን በትናንቱ ወራሪ ላይ ተክሎ ሳለ የዛሬው ሽኩቻ በበሩ ሥር አለፈ። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ፊልም እንለፍ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1957 ያዘጋጀው «የክብር መንገዶች» በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይን ምሽግ የሚያሳይ ነው። አንድ ከፍተኛ ጄኔራል ወደ ሌላው ጄኔራል ይመጣና ጀርመኖች የያዙትን፣ ወታደሮች «ኩይሳ» የሚሉትን ኮረብታ እንዲያስለቅቅ ይጠይቀዋል። ያኛው በመጀመሪያ ጦሩ ተዳክሟል፣ አይቻልም ይላል። ሹመት እንደሚጠብቀው በለዘበ አንደበት ሲነገረው ግን አይቻልም ያለው ይቻላል ይሆናል። ጥቃቱ ይከሽፋል። ጄኔራሉ በንዴት የገዛ ወታደሮቹ ምሽግ በመድፍ እንዲመታ ያዝዛል፤ የመድፈኛው አዛዥ ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ አልተኩስም ብሎ ያድናቸዋል። ከዚያም ለውርደቱ ማካካሻ ሦስት ወታደሮች ተመርጠው በፈሪነት ይከሰሳሉ፤ አንዱ በዕጣ የወጣ ነው። ሦስቱም በገዛ ጓዶቻቸው ጥይት ይረሸናሉ፤ ጄኔራሎቹ ደግሞ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ቁርሳቸውን ይበላሉ።

የዚህ ፊልም ትልቁ ጥበብ አንድ ነገር ባለማሳየቱ ላይ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም የጀርመን ወታደር በማያ ገጹ ላይ አይታይም። የምትታየው ብቸኛ ጀርመናዊት በፍጻሜው ለወታደሮቹ እያለቀሰች የምትዘምር ምርኮኛ ልጅ ናት። ተመልካቹ ጠላትን ሲጠብቅ ይቆይና ከጅምሩ ሲያየው እንደነበረ ይገነዘባል። ፈረንሳይ ፊልሙን በሲኒማ ቤቶቿ ለማየት እስከ 1975 መቆየቷ አያስገርምም፤ የዚህ ዓይነቱን መስታወት ማንም ሠራዊት በፈቃደኝነት አይመለከትምና።

አሁን ወደ ሱዳን እንመልከት። የሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ዐብዱልፈታሕ አል ቡርሃንና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ደጋሎ ከሩቅ የመጡ ባላንጣዎች አልነበሩም። በኤፕሪል 2019 ዑመር አል በሺር ከወረዱ በኋላ በአንድ የወታደራዊ ምክር ቤት ውስጥ ሊቀ መንበርና ምክትል ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በኦክቶበር 25 ቀን 2021 የሲቪሉን የሽግግር መንግሥት የገለበጡትም አብረው ነው። የተለያዩት ፈጥኖ ደራሹ ወደ መደበኛው ሠራዊት መቼ ይቀላቀል፣ በማንስ ዕዝ ሥር ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ነው። አንደኛው ወገን ሁለት ዓመት ይበቃል ሲል ሌላኛው አሥር ዓመት ጠየቀ። በዚህ የዕዝ ጥያቄ ሰበብ ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ በረመዷን 24ኛው ቀን፣ የካርቱም ጾመኞች በመድፍ ድምፅ ተናወጡ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ በዳርፉር በሚገኘው የዘምዘም የተፈናቃዮች ሰፈር ረሃብ መግባቱ በኦገስት 2024 ተረጋገጠ። በማርች 2025 በሰሜን ዳርፉር የቶራ ገበያ ከሠራዊቱ የጦር አውሮፕላኖች በወረደ ቦምብ ተመታ፤ ብዙ ሸማችና ነጋዴ ረገፈ። በሴፕቴምበር 2025 በአል ፋሺር ከተማ የፈጅርን ሰላት በመስገድ ላይ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎች በድሮን ጥቃት በመስጊድ ውስጥ ተገደሉ። ከተማዋ ለዓመት ከመንፈቅ ያህል ተከባ ቆይታ ኦክቶበር 26 ቀን 2025 በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች። በቀናት ውስጥም የዓለም ጤና ድርጅት በከተማዋ «የሳዑዲ የእናቶች ሆስፒታል» ከ460 በላይ ሕሙማንና አስታማሚዎች መገደላቸው እንደ ተነገረው አስታወቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ግራዚያኒ የለም። ገዳዩም ሟቹም አንድ ቂብላ ይገጥማሉ፤ አንድ ተክቢራ ይላሉ።

የዚህ ጦርነት አንድ ገጽታ ደግሞ ለጽሑፋችን ርዕስ በቀጥታ ይመለከተዋል። በአል ፋሺር ያልታጠቁ ሰዎች ሲረሸኑ የሚያሳዩትን ምስሎች የቀረጹት በስውር የተቀመጡ ጋዜጠኞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹን የቀረጹት ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። በስልካቸው ፊት እየፎከሩ ምርኮኛን ገደሉ፤ ቀረጻውንም እንደ ገድል ለቀቁት። በ«የበረሃው አንበሳ» ውስጥ ምርኮኛው ባንዲራውን ይዞ የሚሸኝበት ትዕይንትና የአል ፋሺሩ ቀረጻ በአንድ የሞባይል ማያ ገጽ ላይ ተከታትለው ሊታዩ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ሃይማኖትን ከፉከራ የሚለየው ርቀት ነው። ገዳዩ ራሱን እንደ ጀግና የሚቀርጸው ጀግና ብሎ የሚቀበለው ተመልካች እንዳለ በመተማመኑ ነው።

ተመልካቹ ማን ነው? አንዱ እኛ ነን። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይና በኩዌት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ከሱዳናዊ ባልደረባው ጋር አንድ ሥራ፣ አንድ መኪና፣ በረመዷንም አንድ የኢፍጣር ምንጣፍ ይጋራል። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚመጣለት የጦርነት ቪዲዮ ሙዚቃ የታከለበት፣ ጀግናና ከሃዲ ተለይተው የተሰየሙበት ነው። ሰውም እንደ ኳስ ቡድን ጄኔራል ይመርጣል፤ የመረጠውን ጄኔራል ድል ያጋራል፤ የሌላውን ወገን ሙታን መቁጠር ይተዋል። በዚህ መንገድ ለሁለት ሰዎች የሥልጣን ፉክክር በሚሊዮን የሚቆጠር ደጋፊ ይሰበሰብለታል። መሣሪያና ገንዘብ ከውጭ የሚያቀብሉ እጆች ጦርነቱን ቢመግቡትም፣ ነፍስ የሚዘሩበት ግን የእኛ ጭብጨባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሁለቱንም ወገን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ በደልን መሸፈን አይሆንምን? አንዱ ከሌላው የባሰ ግፍ ሊሠራ አይችልምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በቁርኣን ውስጥ አለ። የሱረቱል ሑጁራት 9ኛ አንቀጽ ሁለት የአማኞች ወገኖች ሲዋጉ እንዲታረቁ ማድረግን በሌሎቹ ላይ ግዴታ ያደርጋል። ወሰን ያለፈ ወገን ካለ እስኪመለስ ድረስ መግታትን ያዝዛል፤ ሲመለስም በፍትሕ እንዲታረቁ ይደነግጋል። እንግዲያስ የታዘዝነው እጅ አጣጥፎ ማየትን አይደለም። የታዘዝነው በደሉን በስሙ መጥራት፣ በዳዩን ማስቆም፣ ዓላማችንንም ከአንዱ ድል ይልቅ የሁለቱ እርቅ ማድረግ ነው። የአል ፋሺርን ጭፍጨፋ ያወገዘ አንደበት የቶራን ገበያም ሊያወግዝ ይገባዋል። የአንዱን ብቻ መርጦ የሚያለቅስ ዓይን ለሟቹ አዝኖ አያውቅም፤ ለጄኔራሉ ነው የሚያለቅሰው።

የመሪዎች ፉክክር ሊቆም የማይችል የተፈጥሮ ሕግ የሚመስለው ካለ ደግሞ በ41ኛው ዓመተ ሒጅራ የሆነውን ያስታውስ። ከዐሊይ (ረ.ዐ.) መገደል በኋላ ልጃቸው አል ሐሰን (ረ.ዐ.) በኩፋ ቃል ኪዳን ተገባላቸው። ጦር ነበራቸው፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጅ እንደ መሆናቸውም ከእርሳቸው የበለጠ የክብር ይገባኛል ሊያነሣ የሚችል አልነበረም። ነገር ግን የሙስሊሞች ደም በሙስሊሞች እጅ መፍሰሱን ለማስቆም ሥልጣኑን ለሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ለቀቁ። ያ ዓመት «ዓሙል ጀማዓ»፣ የአንድነት ዓመት ተባለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ገና በሕፃንነታቸው በእርሳቸው አማካይነት ሁለት ታላላቅ የሙስሊም ወገኖች እንደሚታረቁ ተናግረው እንደ ነበር በሶሒሕ አል ቡኻሪ ተዘግቧል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የፈረስ ግልቢያና የሰይፍ ፍጭት ስለሌለ ለሲኒማ የሚመች አይመስልም። ዳሩ ግን መንበርን ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ወኔ ኮረብታን ለመያዝ ከሚያስፈልገው የሚበልጥ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ገድል የለም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የጎረቤት ወሬ ብቻ አይደለም። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ የትግራይ ጦርነት ያፈናቀላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የተከዜን ወንዝ ተሻግረው በሐምዳይት በኩል ሱዳን ገብተዋል፤ የምሥራቅ ሱዳን ድሃ ገበሬም ያለውን አካፍሏቸዋል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሱዳናውያኑ በተራቸው ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፉ። ትናንት እንግዳ ተቀባይ የነበረው ዛሬ እንግዳ ሆነ። በአገራችንም የቤተሰብ ያህል የሚተዋወቁ ፖለቲከኞች ጠብ ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ምሽግ ሲወርድ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ፊልም ማየት አላስፈለገንም። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በጠረጴዛ ዙሪያ የተገኘ ነው፤ ወደዚያ ጠረጴዛ ከመድረሱ በፊት የጠፋው ሕይወት ግን አልተመለሰም።

ለሱዳንም ጠረጴዛ ታጥቶ አያውቅም። ጦርነቱ ገና አንድ ወር ሳይሞላው፣ ሜይ 11 ቀን 2023፣ የሁለቱ ወገኖች ተወካዮች ሲቪሎችን ለመጠበቅ በጅዳ ተፈራርመዋል። ቃሉ የተጻፈው በወረቀት ነበር፤ በመሬት ላይ አልተጻፈም። የጎደለው አዳራሽ ወይም አደራዳሪ ሳይሆን፣ ከሁለት አንዱ እንደ አል ሐሰን ከራሱ ክብር በፊት የሕዝቡን ደም የሚያስቀድምበት ልብ ነው። ያንን ልብ ለጄኔራሎቹ መስጠት አንችልም። ጭብጨባችንን መንፈግ ግን እንችላለን።

ስለዚህ አንባቢው ከዛሬ ጀምሮ የጦርነት ቪዲዮ ሲደርሰው ከማጋራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ በዚህ ምስል ውስጥ ጠላት ተብሎ የተሰየመው ማን ነው? ወራሪ ከሆነ ሕዝብ የመከላከል መብት አለው፤ ሸሪዓም ሕግም ይደግፈዋል። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቋንቋ አዛን የሚሰሙ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ ትናንት በአንድ ምክር ቤት የተቀመጡ ከሆኑ፣ ጠላትን በማያ ገጹ ላይ አይፈልገው፤ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ቁርስ የሚበላውን ያስብ። ስልኩን ዘግቶም አጠገቡ ላለው ሱዳናዊ ወንድሙ ቤተሰቡ የት እንዳለ ይጠይቅ፤ አቅሙ በፈቀደ ለተፈናቀለው ይድረስ፤ በሱጁዱም ለሟቾች ራሕመትን ለቀሩት ሰላምን ይለምን።

አላህ (ሱ.ወ.) የሱዳንን ሕዝብ ከረሃብና ከሰይፍ ይጠብቅ፤ የመሪዎቻቸውን ልብ ወደ ሱልሕ ይመልስ፤ እኛንም ለፊትና ከማጨብጨብ ይሰውረን።